ቧንቧው ምን ይሠራል? የሳይንስ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን

(ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ውኃ ጉድጓድ ወይም ስለ እህል ርዳታ እንድንናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። እኛ የምንናገረው ግን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት ነው። «ይህ ለመንግሥትና ለመምህራን የሚተው ጉዳይ ነው፤ የርዳታ ድርጅትንና ቤተ ክርስቲያንን ምን አገባቸው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኛም ለብዙ ጊዜ እንደዚሁ ስናስብ ኖረናል። አሳባችንን ያስለወጠን አንድ መፀዳጃ ቤት ነው።

ያልሰጠነው ነገር

በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ባለ አየር ማስወጫ ቧንቧ መፀዳጃ ቤት ሠራን። ገንዘቡ እናንተ ከመባችሁ ያዋጣችሁት ነበር። ግንቡ ጠንካራ፣ ጣሪያውም ደኅና ነበር። ርክክብ ተፈጸመ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ተመለስንም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለጉብኝት ስንሄድ በቧንቧው ጫፍ ላይ የነበረው ወንፊት ሽቦ ተቀድዶ አገኘነው። የወላጆች ኮሚቴም «ልጆቹ ጨለማ ይፈራሉ» በማለት በደግ አሳብ ግድግዳውን አስበስቶ ሰፊ መስኮት አስወጥቷል። ቤቱ በዝንብ ተሞልቷል። ልጆቹም ሽታውንና ዝንቡን ሸሽተው ወደ ቀድሞው ቁጥቋጦ ተመልሰዋል። ከትንንሾቹ መካከል የብዙዎቹ ዓይን ቀልቶ ዝንብ ሰፍሮበት ነበር።

በዚያው ዕለት አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ወደ እኛ ቀረብ ብላ «ጋሼ፣ ያ ቧንቧ ምን ይሠራል?» ስትል ጠየቀች። እኛ አስተማሪዋን ተመለከትን፤ እርሱ ደግሞ ርእሰ መምህሩን ተመለከተ። አብሮን የመጣው ግንበኛ «ፕላኑ ላይ ስላለ ነው» አለ። በመጨረሻም ከእኛ አንዱ «ሽታ እንዲያወጣ ነው፣ ልጄ» ብሎ አለፋት። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው። «እንዴት አድርጎ?» ብላ ብትጨምር ኖሮ ከመካከላችን የሚመልስላት አልነበረም።

ወደ ቢሮ ከተመለስን በኋላ ማወቅ የሚገባንን ነገር ከመጽሐፍ ፈለግን። ይህ ዓይነቱ መፀዳጃ ቤት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዛሬዪቱ ዚምባብዌ ፒተር ሞርጋን በተባሉ ሳይንቲስትና በባልደረቦቻቸው የተቀየሰ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ነፋስ በቧንቧው አፍ ላይ ሲያልፍ በውስጡ ያለውን አየር ወደ ላይ ይስባል። በዚህ ጊዜ ንጹሕ አየር በመቀመጫው ቀዳዳ ወደ ታች ይገባል፤ የጉድጓዱም ሽታ በቧንቧው በኩል ይወጣል። ዝንብ ደግሞ ከጨለማ ወደ ብርሃን የመሄድ ጠባይ አላት። ቤቱ ጨለም ያለ ከሆነ ከጉድጓዱ የምትነሣ ዝንብ የሚታያት ብርሃን በቧንቧው ጫፍ ያለው ብቻ ነው። ወደዚያ ትወጣለች፤ ወንፊቱ ይይዛታል፤ እዚያው ትሞታለች።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። ወንፊቱ ሲቀደድና መስኮት ሲከፈት ያ ቤት የዝንብ ወጥመድ መሆኑ ቀርቶ የዝንብ መፈልፈያ ሆነ። ወላጆቹ በክፋት ያደረጉት አይደለም። እኛ ግንቡን ሰጠናቸው፤ ምክንያቱን ግን ሳንሰጣቸው ቀረን።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ በጣት፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሽታውን የምታዛምተው ዝንብ ከሁሉ ይልቅ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ሕመሙ ለብዙ ዓመታት ሲመላለስ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይታጠፍና የዓይኑን ብሌን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውራል። አገራችን በዓለም ላይ ይህ በሽታ እጅግ ከጠናባቸው አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ የአራተኛ ክፍል ልጅ ያቀረበችው ጥያቄ የዓይን ብርሃን ጥያቄ ነበር።

ትምህርቱ አለ፤ የጎደለው ምንድን ነው?

ሳይንስ በትምህርት ቤቶቻችን የለም አንልም። በታችኞቹ ክፍሎች «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት ይሰጣል። መጽሐፉም በብዙ ቦታ በልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ተዘጋጅቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በየፕሮጀክቱ አካባቢ ወደ ክፍል ገብተን ስናዳምጥ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው አንድ ነው። አስተማሪው «የተክል ክፍሎች ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል» ብሎ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ በኅብረት ድምፅም ይደግሙታል። ከመስኮቱ ውጭ ግን ሥርም ግንድም ቅጠልም ያለው ሞልቷል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ለዚህ ነው።

መምህራኑን ለመውቀስ አልተነሣንም። በአንዳንድ ክፍል ስልሳና ሰባ ልጅ ይዘው፣ መሣሪያ የሚሉት ነገር ሳይኖራቸው የሚደክሙ ናቸው። ብዙዎቹ ራሳቸው ሳይንስን የተማሩት በመገልበጥ ነው። የማይመልሱትን ጥያቄ ልጅ እንዳይጠይቃቸው ይሰጋሉ። በባህላችን «አላውቅም» ማለት ለአስተማሪ እንደ ውርደት ስለሚቈጠር ጥያቄውን ዝም ማሰኘት ይቀላቸዋል። ሆኖም በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቃል «አላውቅም፤ ኑ አብረን እንመልከት» የሚለው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለሳይንስ ትምህርት የተመደበው ሰዓት በእውነት ለሳይንስ እንዲውልና እንዲበረክት ነው። ሁለተኛው፣ ትምህርቱ ልጅ በዓይኑ የሚያይበት፣ በእጁ የሚለካበትና ያገኘውን በራሱ ቃል የሚናገርበት እንዲሆን ነው። ይህንም በአንደኛ ደረጃ የምንልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከገጠር ልጆች ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ሳይደርሱ ወደ እርሻ፣ ወደ ትዳር ወይም ወደ ከተማ ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ። እነርሱ የሚያገኙት ሳይንስ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚያገኙት ብቻ ነው።

ከዓድዋ ወንዝ ዳር

ትኩር ብሎ ማየት ምን ሊያፈራ እንደሚችል ከአገራችን አንድ ምሳሌ እናንሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሐርዝያ በሽታ ያጠኑ ነበር። የዚህ በሽታ ትል የዕድሜውን ከፊል በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ያሳልፍና ከዚያ ወጥቶ በውኃው በሚገባ ሰው ቆዳ በኩል ያልፋል። ዶክተሩ በወንዙ ዳር ሲመላለሱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ በዚያም ያለፈ መንገደኛ ብዙ ነው። እርሳቸው ግን «ለምን እዚህ ብቻ?» ብለው ቆሙ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አድርገው ከአንዲቱ ሴት የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የፈጀ የላቦራቶሪ ጥናት ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያ ቀን በወንዙ ዳር ያስፈለገው አንድ ዕቃ፣ ጥቂት ውኃና አንድ ጥያቄ ነበር። ይህን ለማድረግ የሚያንስ ትምህርት ቤት የለንም።

እምነትና ምርመራ

ከምዕመናን መካከል «ሳይንስ የልጆቻችንን እምነት ይወስዳል» ብለው የሚፈሩ ወላጆች አሉ። ፍርሃታቸውን አንንቅም። ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍን እንመልከት። ንጉሥ ሰሎሞን ከሊባኖስ ዝግባ ጀምሮ በቅጥር ላይ እስከሚበቅለው ትንሽ ተክል ድረስ ስለ ዛፎች፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ወፎችና ስለ ዓሣዎች ይናገር እንደነበረ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። ይህም ከእግዚአብሔር የተቀበለው ጥበብ አካል ሆኖ ተቈጥሮለታል። ዳንኤልና ጓደኞቹ የንጉሡን ማዕድ ባልፈለጉ ጊዜ ምን አሉ? ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ስጡን፤ ከዚያም ፊታችንን ከሌሎቹ ልጆች ፊት ጋር አስተያዩና ባያችሁት መሠረት ፍረዱ አሉ። ጊዜው ተወሰነ፣ ሁለቱ ወገኖች ተነጻጸሩ፣ ውጤቱ ታየ። እምነት ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ምርመራ አይፈራም።

በሌላ በኩል ልጅ በታመመበት ቤት የእውቀት ማጣት ምን እንደሚያደርስ በየጣቢያችን አይተናል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን «ውኃ ይጨምርበታል» ብለው መጠጥ የሚከለክሉ ወላጆች ልጃቸውን የሚወዱ ወላጆች ናቸው። ልጁን የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰውነቱ ያለቀው ውኃና ጨው ነው። ለታመመው መጸለይና ለታመመው ማጠጣት አይጣሉም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ወንጌልን መስበክና የሰውን ሁለንተና ማገልገል ሊነጣጠሉ እንደማይገባ አሳስባ ነበር። የሕፃን አእምሮም የዚያ ሁለንተና ክፍል ነው።

ልጅ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንላለን። በዚህ ነገር ግን ይበቃል። እ.ኤ.አ. 1979 ዓለም አቀፍ የሕፃናት ዓመት ሊከበር ሲቃረብ በለንደን ዴቪድ ሞርሊ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው «ከልጅ ወደ ልጅ» የሚባል ሥራ ጀመሩ። በገጠር ታናናሾችን የሚያዝሉት፣ የሚያበሉትና የሚጠብቁት ታላላቆቻቸው መሆናቸውን አይተው ጤናን ለእነርሱ ለማስተማር ተነሡ። ከትምህርቶቻቸው አንዱን በየትኛውም ክፍል ማድረግ ይቻላል። በአንድ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የሕፃን ፊት ይሣላል፤ ከታች ቀዳዳ ይበሳና ይወተፋል። ጠርሙሱ እስከ አፉ ውኃ ይሞላና በአፉ ላይ እርጥብ ስስ ጨርቅ ይደረጋል። ውታፉ ሲነቀል ውኃው ይፈሳል፤ ጨርቁም ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ልጆቹ ወዲያው ያስታውሳሉ፤ ተቅማጥ የያዘው የታናሽ ወንድማቸው እርግብግቢት እንደዚያው ሰርጉዶ አይተዋልና። «ታዲያ ምን እናድርግ?» ሲባሉ ማንም ሳይነግራቸው «ውኃ እንጨምርለት» ይላሉ።

ከዚያ በኋላ መለካት ይማራሉ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፓኬት ካለ እርሱ ይበልጣል። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ጨው ቢበዛ ልጁን ይጎዳል፤ ስለዚህ «በግምት» አይሆንም። ልጆቹ ልክ የሚባለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ በዚህ ይማራሉ።

የእናቶች ጓዳም የሳይንስ ክፍል ነው። ሁለት ሳሕን ሊጥ፣ አንዱ እርሾ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት፣ ጎን ለጎን ይቀመጡ። የትኛው ቶሎ ኩፍ አለ? የእንጀራውን ዓይን ያወጣው ምንድን ነው? በሊጡ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ነገሮች አየር እንደሚፈጥሩ የተረዳ ልጅ፣ ጥርት ብሎ በሚታይ ውኃም ውስጥ የማይታይ የበሽታ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ለመረዳት አይቸገርም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

«ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ትሉን ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርት ቤቶቻቸው ለፈራረሱባቸው አገሮች መምህራን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1948 አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በ1956 ሰፍቶ የወጣው የሳይንስ ማስተማሪያ መጽሐፍ ከዚያ የተነሣ ነው። መምህሩ በቆርቆሮ፣ በጠርሙስ፣ በሽቦና በሻማ መሣሪያ እንዲሠራ ያስተምር ነበር። ጦርነት ባፈረሰው ቦታ የተቻለ በእኛም ይቻላል።

አብያተ ክርስቲያናትን የምንለምነው ይህን ነው። በአጥቢያችሁ ላለው ትምህርት ቤት አንድ የሳይንስ ሣጥን አዘጋጁ። በውስጡ የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት፣ ማጉያ መነጽር፣ መስተዋት፣ ሻማ፣ ምስማር፣ ሲባጎ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ልዩ ልዩ ዘር ይኑርበት። ከምዕመናን መካከል ነርስ፣ የእርሻ ባለሙያ ወይም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ካለ በወር አንድ ቀን ወደ ክፍል ይሂድ፤ ሥራውን ለልጆች ያሳይ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ እናንተን የምንለምነው ከዚህ ይበልጣል። ከእንግዲህ ጉድጓድ ሲቈፈር፣ እርከን ሲሠራ፣ መፀዳጃ ቤት ሲገነባ የአካባቢው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከነአስተማሪያቸው መጥተው ይመልከቱ። ለማስረዳት ግማሽ ቀን በሥራ ዕቅዳችሁ ውስጥ ይግባ። ሥራው በግማሽ ቀን ቢዘገይ እኛ አንጠይቃችሁም። በትምህርት ቤቱ ጓሮ ሁለት መደብ፣ አንዱ ኮምፖስት ያለው፣ ሌላው የሌለው፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይዝሩ፤ ቁመቱን በየሳምንቱ ይለኩ፤ ይመዝግቡ። በሪፖርታችሁም ስንት ሜትር ኩብ ግንብ እንደተሠራ ስትጽፉ፣ ምክንያቱን ማን እንደተረዳው ጨምራችሁ ጻፉልን።

ወላጆች የሆናችሁ ደግሞ ልጃችሁ «ለምን?» ሲል «ዝም በል» አትበሉት። መልሱን ባታውቁት አብራችሁ ጠይቁ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ለትልቅ ሰውም የተነገረ ነው።

በመጨረሻ ወደዚያ ትምህርት ቤት እንመለስ። ተመልሰን ሄድን። መስኮቱን ከመድፈናችን በፊት ወላጆችንና ልጆችን ሰበሰብን። ዝንቦችን በጠርሙስ ይዘን ግማሹን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንነው፤ ዝንቦቹ ወደ ብርሃኑ ወገን ሲሰበሰቡ ሁሉም አየ። ከዚያም አስተማሪው በገል ላይ ዕጣን አጢሶ ከመቀመጫው ቀዳዳ አጠገብ ያዘው። ጢሱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ገባ፤ ጥቂት ቆይቶም በውጭ ያሉት ልጆች «በቧንቧው ወጣ!» ብለው ጮኹ። መስኮቱን የደፈኑት፣ ወንፊቱንም ያደሱት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ያቺ የአራተኛ ክፍል ልጅ በዚህ አልረካችም። «ነፋስ በሌለበት ቀንስ?» አለች። አስተማሪዋ እኛን አልተመለከተም፤ ርእሰ መምህሩንም አልተመለከተም። «እኔም አላውቅም፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ዕጣኑን እናጢስና ያየነውን እንጽፋለን» አላት።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ከእናንተ መባ በዚያ መንደር እስከ ዛሬ ከተሠራው ሁሉ ጠንካራው ግንብ ይህ መልስ ነው ብለን እናምናለን። በሌሎቹም ትምህርት ቤቶች እንዲሰማ በጸሎታችሁ፣ በገንዘባችሁና በጊዜያችሁ እርዱን። ፍጥረቱን በሥርዓት ያቆመ አምላክ ልጆቻችንን ያን ሥርዓት የሚያስተውሉ ያድርግልን።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ። አሜን።